የቆሽት ሕመምተኛ ገበታ፤ ከቀድሞው ትእዛዝ እስከ ዛሬው ምክር

በቋንቋችን ቆሽት የንዴት መቀመጫ ነው። እጅግ የተበሳጨ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ይህን አነጋገር ያወረሱን አባቶችና እናቶች የቆሽትን ሥራ በምርምር ደርሰውበት ነበር ለማለት አይቻልም፤ ሆኖም አንድ ሕመም አለ፣ አባባሉ ከእውነቱ ብዙ የማይርቅበት። ሥር በሰደደ የቆሽት መቆጣት የተያዘ ሰው ቆሽቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከረ፣ እየኮማተረና ጠጠር እየቋጠረ የሚሄድ ሰው ነው። ሕመሙ ከእምብርት በላይ ተነሥቶ ወደ ጀርባ ይወጋል፤ ከምግብ በኋላም ይብሳል። ስለሆነም ሕመምተኛው ምግብን መፍራት ይጀምራል፤ ምግብ የፈራ ሰው ደግሞ ይከሳል፤ የከሳም ሰው ሕመሙን የሚቋቋምበት ዐቅም ያጣል።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለዚህ ሕመም አመጋገብ ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ጉዳዩን በደስታ የተቀበልሁት አንድ ጥያቄ ስለ ነበረኝ ነው። ለረጅም ዘመን ለቆሽት ሕመምተኛ ይሰጥ የነበረው ምክር ባጭሩ «ቅባት አትብላ፤ ቆሽትህን አሳርፈው» የሚል ነበር። ምክሩ በዓለም አቀፍ መመሪያዎች ዘንድ ከተለወጠ ዓመታት ቢያልፉም ከሐኪም ቤት ኮሪደር ገና አልወጣም። ይህ ትእዛዝ ከየት መጣ? ማንስ ሻረው? የአንድን ምክር መነሻ የማያውቅ ባለሙያ ምክሩ የተሻረበትንም ምክንያት አይረዳምና፣ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይገንዘብልን።

የጥንት ግሪኮች ይህን የሰውነት ክፍል «ፓንክሪያስ» አሉት፤ ትርጉሙም ሁለንተናው ሥጋ የሆነ ማለት ነው፤ አጥንት የለበትምና። ታላቁ ሐኪም ጋሌን ቆሽት በአካባቢው ለሚያልፉት የደም ሥሮች እንደ ትራስ ሆኖ የተሠራ ነው ብሎ አስተማረ፤ ትምህርቱም ከሺህ ዓመት በላይ ሳይነቀነቅ ኖረ። በ1642 ዮሐን ጌኦርግ ቪርሱንግ የተባለ ጀርመናዊ በኢጣልያ ከተማ በፓዱዋ በሞት የተቀጣ ሰው ሬሳ ሲከፍት በቆሽት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ቱቦ አገኘ። ሥዕሉን በመዳብ ላይ አስቀርጾ ለታወቁ ሊቃውንት ላከ፤ የቱቦውን ሥራ ግን ጠየቀ እንጂ መልስ አላገኘም፤ በዓመቱም በሰው እጅ ተገደለ። በ1664 ሆላንዳዊው ሬኝየር ደ ግራፍ በሕይወት ካለ ውሻ ቆሽት ፈሳሹን በላባ ቀሰም ለመቅዳት ቻለ። ትራስ የተባለው አካል ፈሳሽ የሚያመነጭ እጢ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ፈሳሹ ምን እንደሚሠራ ግን ሌላ 180 ዓመት ያህል ፈጀ። በዚህ መካከል አልፎ አልፎ የሬሳ ምርመራ ፍንጭ ይሰጥ ነበር። በ1788 እንግሊዛዊው ቶማስ ካውሊ በስኳር በሽታ የሞተን ሰው ቆሽት በጠጠር ተሞልቶ አገኘው። በ1833 የለንደኑ ሪቻርድ ብራይት የቆሽት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዐይነ ምድር ቅባት የሞላበት እንደሚሆን ጻፈ። ስኳር፣ ጠጠርና ቅባት፤ የዛሬው ሐኪም በአንድ ሰው ላይ የሚፈልጋቸው ሦስቱ ምልክቶች ያን ጊዜውኑ በጽሑፍ ላይ ነበሩ፤ አንድ ላይ የሚያያይዛቸው ሰው ግን አልተገኘም።

የአመጋገቡ ታሪክ በእውነት የሚጀምረው በ1846 በፓሪስ ነው፤ የጀመረውም በጥንቸል ሽንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፊዚዮሎጂው ሊቅ ክሎድ በርናር ከገበያ የመጡ ጥንቸሎች በጠረጴዛው ላይ ሲሸኑ ሽንታቸው ጥርት ያለና አሲዳም መሆኑን ልብ አለ። ሣር በል እንስሳ ግን ሽንቱ ድፍርስ ነው፤ ጥርት ያለው የሥጋ በል ነው። እንግዲህ እነዚህ እንስሳት ሳይበሉ ቆይተው የገዛ ሥጋቸውን እየበሉ ነው ብሎ ገመተ። ሣር አበላቸው፤ ሽንቱ ደፈረሰ። አስራባቸው፤ ጠራ። በመጨረሻም ግምቱን ለማረጋገጥ ቅቅል የበሬ ሥጋ መገባቸው፤ ሽንቱም እንደ ጠራ ቀረ። እስከዚህ ድረስ የቆሽት ነገር አልተነሣም። ጥንቸሎቹን ሲከፍታቸው ግን ያላሰበውን አየ። በውሻ ዘንድ የተፈጨው ስብ ወተት መስሎ በአንጀት ዙሪያ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች የሚታየው ከጨጓራው መውጫ አጠገብ ጀምሮ ነው፤ በጥንቸሎቹ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ጀመረ። የጥንቸል የቆሽት ቱቦ ወደ አንጀት የሚገባውም እዚያው ላይ ነው። በርናር ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ስብን ለሰውነት የሚያዘጋጀው የቆሽት ፈሳሽ ነው። በ1856 ይህን ሁሉ በአንድ ትልቅ ጽሑፍ አወጣ።

ከዚህ ግኝት ሁለት ትምህርት ሊወጣ ይችል ነበር። አንደኛው፣ ቆሽት ካልሠራ የጎደለውን ፈሳሽ ከውጭ መተካት ይገባል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቆሽት ካልሠራ ስብ አይቅረብ የሚል ነው። ታሪክ በመጀመሪያ የያዘው ሁለተኛውን መንገድ ነው፤ ለዚህም ምክንያት ነበረው።

በ1896 ሐንስ ኪያሪ የተባለው የፕራግ ሐኪም ቆሽት ሲታመም የገዛ ፈሳሹ ራሱን እንደሚፈጨው አስታወቀ። ምግብ ለመፍጨት የተዘጋጀው ኀይል ወደ ውስጥ ዞሮ ባለቤቱን ይበላል ማለት ነው። በ1902 ለንደን ላይ ቤይሊስና ስታርሊንግ ምግብ ከጨጓራ ወጥቶ ወደ ትንሹ አንጀት ሲገባ ሴክሬቲን የተባለ ንጥረ ነገር በደም በኩል ቆሽትን እንደሚቀሰቅሰው አሳዩ። በ1928 አይቪና ኦልድበርግ፣ በ1943 ደግሞ ሃርፐርና ሬፐር ባደረጉት ምርምር ቅባትና ፕሮቲን በተለይ የሐሞት ከረጢትንና ቆሽትን የሚያነሣሣ መልእክተኛ እንደሚያስወጡ ተገለጠ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያገናኘ ሐኪም ምን ይል ነበር? የታመመ ቆሽት ራሱን ይበላል፤ ቅባት ሲበላ ቆሽት ይነሣሣል፤ ስለዚህ ቅባት ይከልከል፣ ቆሽት ይረፍ። አስተሳሰቡ እንከን የለሽ ይመስላል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምክሩ የተሰጠው ሕመምተኛ ምን እንደ ሆነ የመዘነ ሰው አልነበረም።

በእርግጥ በድንገተኛው የቆሽት መቆጣት ዘንድ እረፍት ለጥቂት ቀን ሊታዘዝ ይችላል፤ ዛሬ እዚያም ቢሆን ሕመምተኛው ከቻለ ቶሎ እንዲበላ ነው የሚመከረው። ሥር የሰደደው ግን የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነው። ለሦስት ቀን የታሰበ ጦም ወደ ሠላሳ ዓመት ሲዘረጋ ሌላ በሽታ ይሆናል። ሁለቱ ሕመሞች የተለያየ ጠባይ እንዳላቸው በግልጽ የተጻፈው ዘግይቶ ነው። በ1946 በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ኮምፎርት፣ ጋምቢልና ባገንስቶስ የ29 ሕመምተኞችን ታሪክ አሰባስበው ሥር የሰደደውን ተመላላሽ የቆሽት መቆጣት ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው አቀረቡት። ከእነዚያ ሕመምተኞች ብዙዎቹ አልኮል አብዝተው የሚጠጡ ነበሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «የቆሽት ሕመምተኛ» ሲባል «ጠጪ» ማለት እስኪመስል ድረስ ሁለቱ ቃላት ተጣበቁ።

በ1963 በፈረንሳይ ከተማ በማርሴይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የቆሽትን ሕመሞች ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፍ ደረጃ መደቧቸው። የጉባኤው ዋና ሰው ሔንሪ ሳርል የማርሴይ ሕመምተኞች ወይን የሚያዘወትሩ ብቻ ሳይሆኑ ስብና ፕሮቲን አብዝተው የሚበሉ ናቸው ሲል ጻፈ። ቅባትን ለሚከሱ ሰዎች ይህ ትልቅ ምስክር ሆነላቸው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከሌላ የዓለም ክፍል የመጣው ዜና ተቃራኒውን ይናገር ነበር። በ1959 ሆላንዳዊው ዙይደማ በኢንዶኔዥያ ያያቸውን በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ቆሽታቸው ግን በጠጠር የተሞላ ድሆች ታሪክ አሳተመ። በደቡብ ሕንድ በኬረላ ደግሞ ዶክተር ጊቫርጊስ ተመሳሳይ ሕመምተኞችን በመቶ እየቈጠሩ መዘገቡ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ከሲታዎች፣ አልኮል ያልቀመሱ ነበሩ። በማርሴይ ጠግቦ የሚበላው፣ በኬረላ ተርቦ የሚያድረው በአንድ በሽታ ተያዙ። በበኩሌ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

የኬረላ ድሆች ካሳቫ ይበሉ ስለ ነበር በ1979 ማክሚላንና ጊቫርጊስ በካሳቫ ውስጥ ያለው ሳያናይድ የበሽታው ምክንያት ሊሆን ይችላል አሉ። ካሳቫ በደቡብ ኢትዮጵያም ይበላልና ሐሳቡ ለእኛም የቀረበ ነበር። ዳሩ ግን ካሳቫ በሚበላባቸው ብዙ አገሮች በሽታው ስላልታየና ካሳቫ በማይበላበትም ስለተገኘ ሐሳቡ ሊጸና አልቻለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ የሚል ክፍል አቋቁሞ የቆሽት ጠጠር ያለበትንም ከዚያ መደበው፤ በአዲስ አበባም ጀማል አብዱልቃድርና ባልደረቦቻቸው ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ የስኳር በሽታ የተያዙ ኢትዮጵያውያንን አጥንተው በ1990 ውጤቱን በታወቀ መጽሔት አሳተሙ። ድርጅቱ ግን በ1999 ያንን ክፍል ሰረዘው። በመካከሉ በ1996 ዊትኮምና ጓደኞቹ በዘር የሚወረሰውን የቆሽት መቆጣት የሚያመጣ የዘረመል ለውጥ አገኙ፤ ከ2000 ወዲህም በሕንድ ሕመምተኞች ብዙዎች ዘንድ ሌላ የዘረመል ለውጥ ታየ። ትንባሆም ከአልኮል ተለይቶ በራሱ ቆሽትን የሚጎዳ መሆኑ ተረጋገጠ። እንግዲህ በሽታው የአንድ ገበታ ቅጣት አይደለም። ሳይጠጣ የታመመን ሰው ጠጪ ብሎ መወረፍ ደግሞ ከሕመሙ ላይ ሐሰት መጨመር ነው፤ ይህን በዎርድ ውስጥ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

የአመጋገቡን ትእዛዝ የገለበጠው ግን አንድ መለኪያ ነው። በ1973 የሜዮ ክሊኒኮቹ ዲማኞ፣ ጎና ሰመርስኪል የቆሽት ፈሳሽ መጠንና በዐይነ ምድር የሚወጣው ቅባት ምን ግንኙነት እንዳላቸው ለኩ። በቀን 100 ግራም ቅባት የሚበላ ጤነኛ ሰው ከ7 ግራም በላይ አያስወጣም። ሕመምተኞቹም ቆሽታቸው ከጤነኛው 10 በመቶ ያህል ላይፔዝ እስካመነጨ ድረስ ከዚህ ልክ አላለፉም፤ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ግን ቅባቱ በድንገት ይፈስ ጀመር። ነገሩ እንደ ጕድጓድ ውኃ ነው፤ እስከ ታች ድረስ እየቀነሰ ቢሄድም ባልዲው ይሞላል፤ ታችው ሲነካ ብቻ ባዶውን ይወጣል። ከዚህ ሁለት ነገር ተገኘ። ገና 10 በመቶ ያልደረሰ ሕመምተኛ ቅባት የሚከለከልበት የመፍጨት ምክንያት የለም። ከዚያ በታች የወረደውም ሰው የጎደለው ሁሉ ባይተካለት፣ ትንሹ ክፍል ብቻ ቢተካለት ይበቃዋል። በርናር ሳያስበው ከፍቶት የነበረው አንደኛው መንገድ ከ120 ዓመት በኋላ ተገኘ።

መተካቱ ግን ቀላል አልነበረም። ከእንስሳ ቆሽት የተዘጋጀ ዱቄት ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይሸጥ ነበር፤ ሕመምተኛው ይውጠዋል፤ የጨጓራው አሲድ ላይፔዙን ያጠፋዋል፤ ቅባቱም እንደ ቀድሞው ይፈሳል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዱቄቱን አሲድ በማይነካው ሽፋን ጠቅልሎ ከ2 ሚሊ ሜትር በማይበልጡ ጥቃቅን ፍሬዎች ማዘጋጀት ተጀመረ። ፍሬዎቹ ትንንሽ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከምግቡ ጋር ተቀላቅለው ከጨጓራ መውጣት አለባቸውና ነው። ጥራቱም እስከ ቅርብ ጊዜ ያጠያይቅ ነበር፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን አምራቾቹ ሁሉ ፈቃድ እንዲጠይቁ ያዘዘው በ2004 ነው፤ አዲሶቹ ፈቃዶችም መሰጠት የጀመሩት በ2009 ነው።

መድኃኒቱ ሲገኝ የቀድሞው ትእዛዝ ጉዳት ግልጽ ሆነ። ከአንድ ሰው የቀን ምግብ 60 ግራም ቅባት ሲቀነስ 540 ኪሎ ካሎሪ ይቀነሳል፤ ይህን በሌላ ምግብ የማይተካ ሰው በወራት ውስጥ ልብሱ ይሰፋዋል። በቅባት የሚሟሙት ቪታሚኖች ኤ፣ ዲ፣ ኢና ኬ ይጎድሉታል፤ አጥንቱ ይሳሳል። በ1990ዎቹ በውሾች ላይ የተደረገው ጥናትም ቅባት ያለው ምግብ ከላይፔዝ ጋር ሲሰጥ የቅባቱ መፈጨት እንደሚሻሻል አሳየ። ስለዚህ በ2017 የወጣው የአውሮፓ መመሪያና በ2020 የተከተለው የአውሮፓ የሕክምና አመጋገብ ማኅበር መመሪያ ቅባት በደፈናው እንዳይከለከል፣ ፕሮቲንና ኀይል የሞላበት ምግብ በቀን ከ5 እስከ 6 ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ እንዲበላ፣ ከዋናው ምግብ ጋር ከ40,000 እስከ 50,000 ዩኒት ላይፔዝ፣ ከመክሰስ ጋር ደግሞ ግማሹ እንዲወሰድ መከሩ። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር እንጂ ከምግብ አስቀድሞ በባዶ ሆድ አይወሰድም። ቅባት የሚቀነሰው በቂ መድኃኒት ተሰጥቶም ቅባቱ መፍሰሱን ካላቆመ ብቻ ነው። መድኃኒቱ በማይገኝበት ወይም ዋጋው ከዐቅም በላይ በሆነበት ስፍራ ግን የቀድሞው ምክር በግድ ይመለሳል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ቅባቱ የሚቀነሰው ሕመምተኛው በሚችለው ልክ ነው፣ የተቀነሰውም ኀይል በሌላ ምግብ መተካት አለበት። ዳሩ ግን ይህ የድህነት መፍትሔ መሆኑን ማወቅ ይገባል፤ የሳይንስ ትእዛዝ አድርጎ መስጠት አይገባም።

አንድ ነገር ግን መድኃኒቱ ያልፈታው አለ፤ እርሱም ሕመሙ ነው። በ1980ዎቹ የቆሽት መድኃኒት ሕመሙንም ያስታግሣል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር፤ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ተስፋውን አላጸኑትም። አልኮልና ትንባሆ መተው፣ ማስታገሻ መድኃኒት፣ ቱቦው በጠጠር ሲዘጋም በመሣሪያ ወይም በቀዶ ሕክምና መክፈት፣ ዛሬም የሚደረገው ይኸው ነው። በ2020 የታተመው የሆላንድ ጥናት በጊዜ የተደረገ ቀዶ ሕክምና በመሣሪያ ከመጀመር ይልቅ ሕመምን እንደሚቀንስ አሳይቷል። «ገበታህን አስተካክል፤ ሕመሙ ይለቅሃል» ብሎ ተስፋ መስጠት ግን፣ ሕመሙ ያልለቀቀውን ሰው በራሱ ጥፋት እንደ ታመመ ማስቆጠር ይሆናል።

ይህ ሁሉ ወደ አገራችን ገበታ ሲመጣ ምን ይሆናል? መመሪያዎቹ የተጻፉት ሽሮና እንጀራ ለሚበላ ሰው አይደለም። የምግባችን አንዱ ጠባይ አሰር የበዛበት መሆኑ ነው፤ ለጤነኛ ሰው መልካም ነው፤ ለቆሽት ሕመምተኛ ግን አሰር እጅግ የበዛበት ምግብ ሆድ ይነፋል፣ የመድኃኒቱንም ሥራ ሊያደናቅፍ ይችላል። ስለዚህ ቆሎና ጥሬ አታክልት ላይ ከሚበረታ ይልቅ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣና ለስላሳ ሥጋ ቢያገኝ ይሻለዋል። በጾም ጊዜም ጥያቄው «ቅባት አለበት ወይስ የለበትም» አይደለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቆይቶ በአንድ ጊዜ የሚጠግብ ሰው በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት በጥቂት ከሚበላው ጋር አይገናኝም። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች፤ ሕመምተኛው ግን ፈቃዱን የሚጠይቀው ከእኛ አይደለም፣ ከነፍስ አባቱ ነው። የእኛ ድርሻ ለነፍስ አባቱ የሚያስረዳበትን ቃል በግልጽ መስጠት ነው። እስላም ሕመምተኛም በረመዳን እንዲሁ።

ከዚህም የሚከብድ አንድ ጉዳይ አለ። እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሰጠው የቆሽት መድኃኒት የሚዘጋጀው ከዐሣማ ቆሽት ነው። ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ፣ ለእስላምም ሆነ በእስራኤል ለሚኖሩት ወገኖቻችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሳይነግሩ ማዘዝ የሚቀል መስሎ የሚታየን ባልደረቦች እንኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ሕመምተኛው አንድ ቀን በወረቀቱ ላይ አንብቦ ወይም ከጎረቤት ሰምቶ ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ የሚተወው መድኃኒቱን ብቻ አይደለም፣ እኛንም ነው። በመጀመሪያ ቀን ተነግሮት፣ ከሃይማኖት አባቱ ጋር ተማክሮ፣ ለሕይወቱ የሚያስፈልግ መድኃኒት መሆኑን ተረድቶ የሚወስደው ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይወስደዋል። እምቢ ቢልም እምቢታው መታወቅ አለበት፤ በምን ያህል ቅባት፣ በየትኛው ምግብ፣ በስንት ጊዜ እንደሚኖር የሚታሰበው ከዚያ ተነሥቶ ነውና።

ሕመሙ በቆየ ቁጥር ቆሽት ኢንሱሊንንም እያጣ ይሄዳል፤ የሚመጣው የስኳር በሽታ ግን ከለመድነው ይለያል። ስኳር ሲወርድ ከፍ የሚያደርገው ግሉካጎንም አብሮ ይጎድላልና፣ ኢንሱሊን የሚወጋ የቆሽት ሕመምተኛ ምግብ ቢዘል ስኳሩ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በስኳር ክሊኒክ «ስኳርህ እንዳይጨምር ምግብ ቀንስ» ተብሎ፣ በሆድ ክሊኒክ «ክብደትህ እንዳይቀንስ ምግብ ጨምር» የሚባል ሰው፣ ሁለቱን የሚያስታርቅለት አንድ ካርድና አንድ ሚዛን ያስፈልገዋል፤ ክብደቱ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ተመዝኖ ከስኳሩ ቁጥር አጠገብ ይጻፍ።